ታላቅ ይቅደም

ሰኞ 3

ቆሽቴ አርሮ ነው የምጽፈው። ለሰው ከማወራው ለወረቀት ይሻላል ብዬ፣ ከትራፊ ወረቀት የሰፋሁትን ይህን ደብተር ከፈትኩት። ሠላሳ ዓመት የሰው መዝገብ ስሰፋ ኖሬ ለራሴ የሰፋሁት የመጀመሪያው ነው።

ወንድሜ ጉበቱን ታሟል። ሄፓታይተስ ሲ ይባላል አለኝ። ጠዋት ማተሚያ ቤት፣ ጥረዛ ክፍላችን ድረስ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያሻሸ፣ "እትዬ፣ ደሜ ውስጥ ቫይረስ አለ አሉኝ። ሳይቆይ አልቀረም፣ ብዙ ዓመት ሆኖታል" አለኝ።

"ቫይረስ አትበለኝ፣ ጠርሙስ በለኝ" አልኩት።

የወረቀት መቁረጫ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰውዬ፣ ቆራጩ የምንለው፣ ከማሽኑ ጀርባ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም።

ሥራው ሞተር መጠቅለል ነው። የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ አዲስ ሽቦ ያጠነጥንበታል፤ ራሱም ቀጭን ስለሆነ ሰፈሩ ሽቦ ይለዋል። ሥራ ሲያበቃ ጥግ ላይ ካለችው መጠጥ ቤት ይገባል። ሃያ ዓመት ተናግሬያለሁ። እኔ በዕድሜዬ አንድ ጠብታ ቀምሼ አላውቅም።

ማክሰኞ 4

አንድ ሺህ ሁለት መቶ የተማሪ መዝገብ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት። ሁለት ሰፊዎች አሉኝ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴን በሳሙና አወጣሁት። ሙቀቱ ነው።

ሐሙስ 6

ከሽቦ ጋር ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። እንዳይዋሽ ብዬ ነው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛዋለች።

"ስንት ይጠጣሉ?" አለችው።

"ሁለት።"

"ሁለት ምን?" አልኩ እኔ።

"እሳቸው ይመልሱ" አለችኝ።

ቫይረሱ ሰውን ሁሉ እኩል አይጎዳም አለች። አንዱ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞት ጉበቱ ደህና ይሆናል፤ የሌላው በሃያ ዓመት በጠባሳ ይሞላል። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። እየዘረዘረች ነገረችን፤ እኔ የቀጠሮው ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ቫይረሱ የቆየበት ዘመን። የሰውየው ዕድሜ። ወንድ መሆን። መጠጥ። ውፍረት። የስኳር በሽታ። ከጎኑ ሌላ ቫይረስ ካለ እሱም።

ደጅ ወጥተን ስንቀመጥ ካርዱን አየሁት። ሽቦ ወንድ ነው፣ ይጠጣል። ሁለቱ ላይ ምልክት አደረግሁ። እሱን የማይመለከቱትን፣ ውፍረቱንና ስኳሩን፣ ሰረዝኳቸው።

ከክፍሏ ከመውጣታችን በፊት ሐኪሟ፣ "እህት ወንድም ካለ ቢመረመር ጥሩ ነው። በልጅነት በአንድ መርፌ፣ በአንድ ምላጭ ተጠቅመው ሊሆን ይችላል" ብላ ወደኔ አየች።

"እኔ አልጠጣም" አልኳት።

"መጠጥ ቫይረሱን አያመጣውም፣ እማማ። የመጣውን ነው የሚያግዘው።"

እማማ አለችኝ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው።

ዓርብ 7

ለእማዬ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም፤ አፌ አላስችል አለኝ። እማዬ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ጆሮዋ ከኔ ጆሮ ይሻላል።

"የወፍ በሽታ ነው? ዓይኑ እኮ ቢጫ አይደለም" አለች።

"ጉበቱ ነው እማዬ። ጠጥቶ ነው።"

ይህን ስላት ፊቷ ቀለል አለ። የልጇ መታመም ሳይሆን ምክንያቱ መታወቁ ነው ያሳረፋት።

በጉልበቷ ዘመን ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ሰፈሩ በራችን ላይ ተሰልፎ ይጠብቃታል። እጇ ቀላል ነው ይሏት ነበር። የመስታወት መርፌዋ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከነብረት ሳጥኑ አሁንም ራስጌዋ አለ። "እኔ የወጋሁት አንድም ሰው መግሎበት አያውቅም" ትላለች። እውነቷን ነው። ዛሬም መንገድ ላይ እጇን የሚስሙ ሽማግሌዎች አሉ።

የሽቦን ኩባያ ለየሁ። እጀታው ላይ ቀይ የመጠረዣ ክር አሰርኩበት።

እሑድ 9

ሽቦ ለምሳ መጣ። ክሩን አየው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ያንተ ነው።"

"በኩባያ አይተላለፍም ብላለች እኮ።"

"ሐኪሟ እኔ ቤት ዕቃ አታጥብም።"

ሻዩን ጠጣ። እኔ የራሴን ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ ሳማስል፣ "አንቺ ስኳር አለብሽ አልተባለም እንዴ?" አለኝ።

"ትንሽ ናት። በኪኒን ትታዘዝልኛለች።"

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" አለ። እማዬ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። እሱ ሲቀልድ ሁሌም ያስቃታል።

ረቡዕ 12

ሲመሽ መጠጥ ቤቷ በራፍ ላይ ጠበቅሁት። አልመጣም። ሌላ ቦታ ይሆናል የሚጠጣው። አንድ ሰዓት ቆሜ እግሬ አብጦ ተመለስኩ።

ዓርብ 14

ነፍሰ ጡሯ ሰፊ ለቆራጩ ስትነግረው ሰማሁ። "ቆማ ነው የምትተኛው። ትናንት ሙጫው ብሩሽ ላይ ደረቀባት።" ቆራጩ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ስገባ ዝም አሉ።

እኔ አልተኛሁም። ዓይኔን አሳርፌ ነው።

ማክሰኞ 18

ጉድ ፈላ። ስልሳ አራት መዝገብ ተበላሸ። እያንዳንዱ መዝገብ ስምንት እጥፋት ወረቀት አለው፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ተሰፍቷል። ተማሪው ሳይመዘገብ ውጤቱ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ወርዶ አየ። ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

ነፍሰ ጡሯን ሁሉም ሰው ፊት ተቆጣኋት። "ሐሳብሽ ሆድሽ ውስጥ ነው" አልኳት። አለቀሰች።

በኋላ ክሩን ለመፍታት ቁጭ አልኩ። መጨረሻ ላይ ሁለቴ ዞሮ የሚቋጠር አንድ ቋጠሮ አለ። በዚህ ክፍል እንደዚያ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛውን አየሁ፣ አሥረኛውን አየሁ፣ ሃያኛውን አየሁ። ሁሉም የኔ ቋጠሮ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ነገ እነግራታለሁ።

ረቡዕ 19

አልነገርኳትም።

ዓርብ 21

ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል። ስናዝን አንጀታችን ይንሰፈሰፋል። ስንፈራ ሐሞታችን ይፈስሳል። ጉበት ግን ምን አድርጎ ያውቃል? ስለሱ የሚባል ነገር ፈልጌ አጣሁ። ዝም ብሎ ይሠራል፣ ዝም ብሎ ይጎዳል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው አለች ሐኪሟ ስለ በሽታው፤ ሕመም ያልተሰማው ሰው ነው አንዳንዴ ይበልጥ የተጎዳው። ይህን ስትል ወደኔ ያየች መሰለኝ። ሰው ሁሉ ወደኔ የሚያይ ይመስለኝ ጀምሯል።

ሰውነቴ ያሳክከኛል። ሳሙናውን ቀየርኩት። ጭኔ ላይ፣ ከድሮው ጠባሳ በላይ፣ የማላስታውሰው ብልዝ አለ። ጠረጴዛ መትቶኝ ይሆናል።

ሐሙስ 27

የሽቦን ጉበት ለኩት። ጎኑ ላይ አድርገው ምን ያህል እንደደነደነ የሚያነብ መሣሪያ አለ፤ ከዜሮ እስከ አራት ደረጃ ያወጡለታል። ሁለት ሆነ። መድኃኒቱ በየቀኑ ለሦስት ወር ይዋጣል፣ ቫይረሱን ጠራርጎ ያወጣዋል፤ መጠጡን ካቆመ ጉበቱም ያገግማል ተብሏል። ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሦስት ሳምንት። ያን ቀን በራፍ ላይ ስጠብቀው እቤቱ ተኝቶ ነበር።

ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ሃያ ዓመት የጠጣ ሰው ሁለት ብቻ።

"አንቺስ?" አለኝ። "መድኃኒቱን አልጀምርም፣ አንቺ ካልተመረመርሽ።"

"ምን አገናኘን?"

"ምንም። ካልተመረመርሽ አልጀምርም።"

ከልጅነቱ ጀምሮ ግትር ነው።

ቅዳሜ 29

እምቢ ብሏል። ኪኒኑን ከነካርቶኑ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

ማክሰኞ 2

አፍንጫዬ ደማ። መዝገብ ላይ። የሽፋኑን ጨርቅ አበላሸው፤ አልቆም ብሎ ግማሽ ሰዓት። ነፍሰ ጡሯ አንገቴን ይዛ በረዶ አደረገችልኝ። ያቺ የሰደብኳት። በዚያው ነገርኳት፤ "ስልሳ አራቱ የኔ ስፌት ነው" አልኩ፣ አፌ በጨርቅ ተሸፍኖ።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ቋጠሮሽን የማያውቅ አለ?"

ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያውቁ ነበር።

ሐሙስ 4

ደም ሰጠሁ። ሽቦን ዝም ለማሰኘት ነው።

ረቡዕ 10

አለብኝ።

ከሥራ ውጤቱን ልቀበል ሄጄ፣ በዚያው መሣሪያውን ጎኔ ላይ አደረጉት። ሐኪሟ አሥር ጊዜ ለካች። አሥሩን ጊዜ ፊቷን አየሁ።

"አራት ነው" አለች። በዚህ ጊዜ እማማ አላለችኝም።

"ከወንድሜ?"

"ከእሳቸው ይብሳል።"

"እኔ አልጠጣም" አልኩ።

"አውቃለሁ። መጠጥ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ ረጅም ዘመን ቆይቷል፤ ስኳር አለ፣ ክብደት አለ፤ እነዚህ ተደጋግፈው ነው ጉበቱን ያደነደኑት። ቫይረሱን እናጠፋዋለን። ጠባሳው ግን በአብዛኛው ይቀራል፤ በየስድስት ወሩ እዚህ መምጣት ይኖርብዎታል፣ ዕድሜ ልክ። አንድ ዓመት ዘግይተው ቢሆን ሆድዎ ውሃ ይቋጥር ነበር።"

ከዚያ ጠየቀችኝ፤ ደም ተሰጥቶዎት ያውቃል? ያውቃል። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከግንብ ወድቄ የአጥር ብረት ጭኔን ቀደደው፤ ሁለት ጠርሙስ ደም ሰጡኝ። የማን እንደነበር ማን ያውቃል። ያኔ በሽታው ስም እንኳ አልነበረውም አለች፤ የሚመረምረው አልነበረም።

ቦርሳዬ ውስጥ የቀጠሮው ካርድ ነበረ። አውጥቼ ጀርባውን አየሁ። የሰረዝኳቸው የኔ ነበሩ።

ዓርብ 12

ሽቦ ሰምቶ መጣ። ሳይቀመጥ፣ "ይቅር በይኝ" አለኝ።

ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

"ያኔ ሱቄ ውስጥ የሞተር ማራገቢያ ጣቴን ሲቆርጠኝ አንቺ ነሽ ያሰርሽልኝ። እጅሽ በስፌት መርፌ ተወጋግቶ ነበር፣ ደሜ እጅሽ ላይ ፈሰሰ። ከኔ ነው የያዘሽ፣ እትዬ። እኔ ነኝ የገደልኩሽ።" ትልቁ ሰውዬ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔ ዝም አልኩ። የሐኪሟን ጥያቄ፣ የግንቡን ነገር፣ የሁለቱን ጠርሙስ ደም አልነገርኩትም። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጀርባውን እየደባበስኩ "ይሁን፣ ይሁን" አልኩ። ይቅርታ የማደርግለት እኔ ሆንኩ።

ይህን ጽፌ ደጋግሜ አነበብኩት። አስጠላኝ።

እሑድ 14

እማዬን ጠየቅኋት፤ እንደ ጨዋታ አድርጌ። ያኔ ጉሮሯችንን ሲያመን ትወጊን ነበር አይደል?

ደስ አላት። ስለ መርፌዋ የሚጠይቃት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሳጥኑን አውርጂልኝ አለች፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው።

"ከግንቡ ከወደቅሽ በኋላ በነበረው ክረምት ነው። ሁለታችሁም ጉሮሯችሁ አብጦ፣ አሥር ቀን በተከታታይ ወጋኋችሁ።"

"በመሃል መርፌውን ትቀቅይው ነበር?"

"ለሰው? እንዴታ። አንድ ሰው ወግቼ ሳልቀቅል ሌላ ነክቼ አላውቅም። የማላውቀውን ሰው ደም ከማላውቀው ሰው ደም ላደባልቅ?" ቀና ብላ አየችኝ። "ለእናንተማ ምን ያስቀቅለኛል። የአንድ ማህፀን ልጆች፣ ደማችሁ አንድ። አንዴ እቀቅልና፣ ታላቅ ይቅደም ብዬ አንቺን፣ አስከትዬ እሱን።"

እጇን ሳምኩት። ደማችን አንድ አልነበረም፤ የኔ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሁለት ጠርሙስ ነበረ። እማዬ ለጎረቤት የተጠነቀቀችውን ያህል ለእኛ ያልተጠነቀቀችው ስለምትወደን ነው።

አሥር ቀን። አሥሩንም ቀን እኔ ቀድሜ።

ሰኞ 15

አልነገርኩትም። ሥራ በዛ።

ማክሰኞ 16

ከምሳ በኋላ ሱቁ ሄድኩ። ሞተር ይዞ እየቆጠረ ያጠነጥናል። ሲቆጥር አያናግሩትም፤ ቁጥሩ ከጠፋበት ሁሉን ፈትቶ እንደገና ነው። በሩ ላይ ቆሜ እሱ ያን ቀን እንዳደረገው አደረግሁ፤ ቦርሳዬን አሻሸሁ።

"መቶ አርባ ሁለት፣ መቶ አርባ ሦስት…"

"ካንተ አይደለም የያዘኝ" አልኩት። "ከኔ ነው የያዘህ።"

እጁ ቆመ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ግንቡን፣ ደሙን፣ የእማዬን መርፌ፣ ታላቅ ይቅደምን። ባለፈው ሲያለቅስ ዝም ማለቴንም ነገርኩት፤ እሱ ነው ከሁሉም የከበደኝ። ሐኪሟ በእርግጠኝነት አይታወቅም ልትል ትችላለች አልኩት፤ እኔ ግን አውቃለሁ። በሽታውን ሰጥቼህ ሃያ ዓመት ሰደብኩህ አልኩት።

ሽቦውን ከጥቅሉ ላይ ቀስ እያለ መፍታት ጀመረ።

"ስንት ዓመቴ ነበር?"

"ስድስት።"

"አስታውሳለሁ" አለ። "እማዬ እኮ አይደለችም። እኔ ነኝ። እትዬ ስትወጋ ካላየሁ አልወጋም ብዬ አልጋ ሥር የምገባው እኔ ነበርኩ።"

ይህን ረስቼው ነበር። አልጋ ሥር ሆኖ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነበር፤ እኔ ስወጋ እንዳላለቅስ የምጨነቀው ለሱ ብዬ ነው።

"መጠጤን ደግሞ አንቺ አልቀዳሽልኝም" አለ። "ሁለት ላይ መቆሙ የኔ ጉብዝና አይደለም፣ ዕድል ነው። ሐኪሟም ብላኛለች።"

እዚያው የተቃጠለ ሞተር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሻይ አዘዘልኝ። ስኳሩን ከሳህኑ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

"እማዬ እንዳትሰማ" አልኩት።

"ጆሮዋን እያወቅሽው?"

"ከሰማች ትሞታለች።"

"እኔስ ጠጥቼ ነው እላታለሁ፤ ያምርብኛል። አንቺን ነው ምን እንደምናደርግሽ የቸገረኝ።"

ቅዳሜ 20

መዝገቦቹ አለቁ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ስልሳ አራቱን ራሴ ፈትቼ ሰፋኋቸው። ነፍሰ ጡሯ ወለደች ተባለ፤ ሴት ልጅ። ሥራ አስኪያጁ እረፍት ውሰጂ አለኝ። እንደ ሽልማት ነው ያቀረበው፤ እኔም እንደዚያው ተቀበልኩት።

እሑድ 21

ዛሬ ጀመርን። ሁለታችንም፣ በአንድ ቀን። ሽቦ ለምሳ መጣ፣ ሁለቱን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታየናለች።

"ያንቺ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ያው የሱ ዓይነት ነው እማዬ። ጉበት ነው።"

"እሱ ጠጥቶ ነው አላልሽኝም?"

"አዎ እማዬ፣ ጠጥቼ ነው" አለ ሽቦ ቶሎ ብሎ።

"አንቺስ?"

ብረት ሳጥኑ ከአጠገቧ ነበረ፣ ያን ቀን ካወረድኩላት ወዲህ አልመለሰችውም። ሃምሳ ሰባት ዓመት የተከበርኩበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ሰፈሩም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ እማዬም በሱ ነው የሚያውቁኝ።

"እኔም እጠጣ ነበር" አልኩ። "በድብቅ።"

ሽቦ ወደ ጣሪያው አየ።

እማዬ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። "ታላቅ ሆነሽ" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ታላቅ ሆነሽ። ከማን ይማር እሱስ?" ከዚያ ሳጥኑን በመዳፏ ደባበሰችው። "በጉልበቴ ብሆን ይኼ ሁሉ ኪኒን አያስፈልግም ነበር። እኔው ወግቼ አድናችሁ ነበር።"

"ታድኚን ነበር እማዬ" አልኳት።

ሽቦ ውሃ ቀዳ። ኩባያዎቹ ሁሉ አልታጠቡም፤ ቀይ ክር ያለበት ብቻ ነው የተገኘው። መሃላችን አስቀመጠው። እኔም እሱም እጃችንን አልዘረጋንም።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች እማዬ። "ታላቅ ይቅደም።"

ኪኒኑን አፌ ውስጥ አድርጌ ጠጣሁ። ሽቦ እስክውጥ ድረስ ጉሮሮዬን አየ፤ ከዚያ ኩባያውን ከእጄ ተቀብሎ የቀረውን ጠጣ።